ቀን ኮምቦልቻ እሠራለሁ፣ ማታ ደሴ እተኛለሁ፤ ጭንቅላቴ ግን አብሮኝ አልተኛም አለ

ስቶረኛው_ዘደሴ · ሰኞ ማታ 5:40

ሰላም ናችሁ? ሰዓቱን እዩት። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ባጭሩ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፤ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሰርቪስ እይዛለሁ፣ ማታ 1 ሰዓት ገደማ እገባለሁ። በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ። ሰውነቴ ዝሎ ነው የምገባው። ራት በልቼ፣ ቡና ጠጥቼ ጋደም ስል ግን ጭንቅላቴ ገና ሥራ መግባቱ ነው። የደሴውን ሰኞ ገበያ ይሆናል። አንዱ ይጣራል፣ አንዱ ይከራከራል፣ አንዱ ዕዳ ይጠይቃል።

ትናንት ሌሊት ያሰብኩትን ልዘርዝርላችሁ፣ ሳቁብኝ። ቢን ካርዱ (ስቶር ውስጥ ያለው ዕቃ የሚመዘገብበት ካርድ) 48 ካርቶን ይላል፣ ስቆጥረው 46 ነው። ያልከፈልኩት የእድር መዋጮ። የመብራት ካርድ ሊያልቅ ነው። የእናቴ የዓይን ቀጠሮ። ከሦስት ዓመት በፊት ሰርግ ቤት አንድ ሰው ለወረወረብኝ ነገር መመለስ የነበረብኝ መልስ (ጥሩው መልስ የመጣልኝ ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው)። ከዚያ እንደገና 46 ካርቶን። እንዲህ እያልኩ የሱብሒ አዛን ሰማሁ።

የሚገርመኝ፣ ሌሊት የጦሳን ተራራ ያህል የሚከብደኝ ነገር ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ሳስበው ምንም አይደለም።

በሽታ ነው? ልማድ ነው? ዕድሜ ነው እንዳልል 34 ነኝ። የሞከራችሁት ነገር ካለ ጣሉልኝ። «ዱዓ አድርግ» የምትሉኝ፣ አደርጋለሁ። ዱዓው መሃልም 46 ካርቶን ይገባል።

በረካ_አላልፍም · ሰኞ ማታ 5:52

«ራት በልቼ፣ ቡና ጠጥቼ ጋደም ስል...»

ወንድሜ፣ ጥያቄውንም መልሱንም አንድ መስመር ላይ ጽፈኸው የለ እንዴ?

(እኔም አልተኛሁም። የኔ ግን ኳስ ነው።)

ፋርማሲስቷ · ማክሰኞ ጠዋት 2:10

በረካ የቀለደው እውነት ነው። ካፌይን ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰው ከሰው ይለያያል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ በጣም ይረዝማል። ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ቡና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ።

ሥራው እንዲህ ነው። ነቅተን ስንውል አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። እሱ ሲበዛ ነው ዓይናችን የሚከብደው። ካፌይን መጥቶ የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ ይቀመጥበታል። ድካሙ የትም አልሄደም፤ ደክሞሃል ብሎ የሚነግርህ ነው የጠፋው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ላይ፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ ቀንሷል። 400 ብዙ ነው፤ ያንተ ሦስት ስኒ ያን ያህል ላይሞላ ይችላል። አንተ ግን የምትጠጣው ከመኝታህ 6 ሰዓት በፊት አይደለም፣ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

«እኔ ጠጥቼም እተኛለሁ» ለምትሉ፦ እንቅልፍ መውሰዱ አንድ ነገር ነው፣ እንቅልፉ የጠለቀ መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

ስቶረኛው_ዘደሴ · ማክሰኞ 6:20 (ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ)

ገብቶኛል እህቴ። ግን ያለነው ወሎ ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ትውላለች። ጀበናዋን የምትጥደው እኔ ስገባ ነው። ዕጣኑ፣ ቆሎው፣ የጎረቤቱ ወሬ። እዚያ ላይ «አልጠጣም» ማለት «አልጫወትም» ማለት ነው። አንዴ ሞክሬው ነበር። «ምን አደረግኩህ?» አለችኝና ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

እቴቴ_ከሸዋበር · ማክሰኞ 8:05

ልጄ፣ ማን ቡናውን ተው አለህ። ተቀመጥ፣ ዕጣኑን አሽት፣ አቦሉን ለጎረቤት አሳልፍ፣ አንተ በረካዋን ብቻ ቅመሳት። ቀጭን ናት፣ ምርቃቱም እሷ ላይ ነው። እናትህ የፈለገችው አንተን ነው እንጂ ስኒውንማ ብቻዋንም ትጠጣዋለች። እኔ ለልጆቼ ማታ ማታ ቅመም ብቻ ያለው ሻይ አፈላለሁ፤ ቅርንፉድና ቀረፋ፣ ቅጠሉን ሳልጨምር። ንገራት በግልጽ። «እማዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ» በላት። እናት ይህን ሰምታ አታኮርፍም።

ሹፌሩ_ከፒያሳ · ማክሰኞ 10:30

ማንም የማይናገረውን እኔ ልናገር። ጫት።

ጸሐፊው አልጠቀሰውም፣ ላይቅም ይችላል። ግን ይህን የሚያነብ የሚቅም ሰው መኖሩን አውቃለሁ፤ ደሴ ነው ያለነው። የሌሊት መኪና ስነዳ 11 ዓመት ቅሜያለሁ። ምርቃና ላይ ጭንቅላት ንጹሕ የሆነ ይመስላል። እኔ ምርቃና ላይ ፎቅ ሠርቼ፣ ሊፍት አስገብቼ፣ ተከራይ መርጬ ነው የማድረው። ሲበርድ ግን የሌለው ፎቅ ዕዳ እንኳ ያስጨንቀኛል! እንቅልፍ የለም። ትንሽ ካሸለበህ ዱካክ ይመጣና ደረትህ ላይ ይቀመጣል።

ስተወው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቀያሚ ነበሩ፤ አልዋሻችሁም። ድብርት፣ መነጫነጭ፣ ቀን ቀን ማንቀላፋት። ከዚያ አንድ ማታ ጋደም አልኩና ነጋ። በቃ። ነጋ።

ፋርማሲስቷ · ማክሰኞ 11:00

ሹፌሩ ያለው ትክክል ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲቆይ ኃይሉን ያጣል፤ ለዚህ ነው ሁሉም ትኩሱን የሚሻማው። ቡና አንቅቶ ይተውሃል፣ ይሄ ግን ነርቭን ይዞ ይጋልባል።

ጡረተኛ_መምህር · ማክሰኞ ማታ 1:30

ልጄ ስቶረኛው፣ ቡናውን እናቶቹ ጨርሰውልሃል። እኔ ስለ 46ቱ ካርቶን ላውራህ። ዝርዝርህ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጻፍከው፤ ዱዓው መሃል ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ። ሳታውቀው ነው አይደል?

አንዲት ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሊትዌኒያ ተወልዳ በርሊን የተማረች። መነሻው የካፌ አስተናጋጆች ናቸው ይባላል፤ ሒሳቡ እስኪከፈል የሁሉንም ትእዛዝ በቃላቸው ይዘው፣ ከተከፈለ በኋላ ግን ማን ምን እንደበላ አያስታውሱም ነበር። እሷ ይህን ወደ ሙከራ ወሰደችው። ሰዎችን ትናንሽ ሥራ ሰጠች፤ ግማሹን አስጨረሰች፣ ግማሹን መሃል ላይ አቋረጠችባቸው። የተቋረጠውን በጣም አስታወሱት። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1927 አሳተመች።

ያንተ ጭንቅላት ጠላትህ አይደለም። ልክ እንዳንተው ስቶር ኪፐር ነው። ያልተዘጋ ሰነድ ይዞ በሌሊት በርህን ያንኳኳል። ፊርማ ይፈልጋል። አንተ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንበህ «ነገ፣ ነገ» ትለዋለህ። የነገውን ሰዓት ስላልነገርከው እሱም አያምንህም።

እኔ 31 ዓመት አስተምሬያለሁ። ፈተና ሲደርስ የ70 ልጅ ወረቀት ራስጌዬ አስቀምጬ እተኛ ነበር። እተኛ ነበር ልበል እንጂ መተኛትስ አልነበረም። ያዳነኝ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነው። ከመኝታ በፊት አምስት ደቂቃ፣ የተንጠለጠለውን ሁሉ እጽፋለሁ። አጻጻፉ ላይ ግን ጠንቀቅ በል። «የእናቴ ዓይን» ብለህ ከጻፍክ አልጻፍክም፤ እሱ ርዕስ ነው። «ረቡዕ 4 ሰዓት፣ ሻይ ዕረፍት ላይ፣ ክሊኒኩ ጋ ደውዬ ቀጠሮው ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ ብዬ እጠይቃለሁ» ብለህ ስትጽፍ ግን ጭንቅላትህ እርሳሱን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይለቅሃል። ሥራውን መጨረስ አይጠበቅብህም። ቀጠሮ ብቻ ስጠው።

ይህን ከልምዴ ብቻ አላልኩም። ማሲካምፖና ባውማይስተር የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ያልተጨረሰ ጉዳይ ሐሳብን መበጥበጡን የሚያቆመው ሲጨረስ ብቻ አይደለም፤ እንዴትና መቼ እንደሚሠራ ሲወሰንም ጭምር ነው። ቴክሳስ ያለው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማይክል ስከሊን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ 57 ወጣቶችን እንቅልፍ ላቦራቶሪ አስተኟቸው። ግማሹ ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ ወደፊት የሚሠራውን ጻፈ፣ ግማሹ ሠርቶ የጨረሰውን። የሚሠራውን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ። ዝርዝር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የወጣው።

እስኪ_ማስረጃ · ማክሰኞ ማታ 2:15

መምህር፣ በአክብሮት ነው። የዛይጋርኒክ ነገር ሁሉም ጋ ይወራል፤ ኋላ የተደገሙት ሙከራዎች ሁሉ ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። 57 ሰውም ጥቂት ነው። 9 ደቂቃስ ምን ይሠራል? ሰውዬው ሱብሒ ድረስ ነው እኮ አይኑ ፈጦ የሚያድረው።

ጡረተኛ_መምህር · ማክሰኞ ማታ 2:50

ጥሩ ተማሪ ነህ፤ 10 ከ10። እውነት ነው፣ የማስታወሱ ነገር ሁልጊዜ አልተደገመም። የባልደረባዋ የማሪያ ኦቭሲያንኪና ግኝት ግን በተሻለ ጸንቷል፦ ሰው የተቋረጠበትን ሥራ ማንም ሳያዘው ተመልሶ ይጀምራል። ለስቶረኛው የሚሆነውም እሱ ነው። ችግሩ ካርቶኑን ማስታወሱ አይደለም፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንደገና ሊቆጥረው መነሳቱ ነው።

9 ደቂቃውን አትናቀው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ነው «ዛሬም ላልተኛ ነው እንግዲህ?» ብሎ ከራሱ ጋር ሙግት የሚገጥመው። ሙግቱ ነው ሱብሒ የሚያደርሰው።

ዝም_አልልም · ማክሰኞ ማታ 3:40

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ የደላው ሰው ወሬ ነው። የቤት ኪራይ ጨመረብኝ፣ ዘይቱ፣ ጤፉ፣ የልጅ ትምህርት ቤት። ደብተር ኪራይ አይከፍልልኝም። እኔ የማልተኛው ጭንቅላቴ ታሞ አይደለም፤ ጉዳዩ እውነት ስለሆነ ነው። «ረቡዕ 4 ሰዓት ላይ ብር አገኛለሁ» ብዬ ልጻፍ?

ጦሳ_ላይ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ 3:44

👏👏 ዝም አልልም ተናገረው።

ስቶረኛው_ዘደሴ · ማክሰኞ ማታ 4:00

ዝም አልልም፣ ልክ ነህ/ነሽ። የኔም ደመወዝ 15ኛው ቀን ላይ ያልቃል። መልስ የለኝም። መምህር ምን ይላሉ?

ጡረተኛ_መምህር · ረቡዕ ጠዋት 1:15

ሌሊቱን አሰብኩበት (ደብተሬ ላይ ጽፌው ነው የተኛሁት)። ዝም አልልም የሚለው አያከራክርም። ድህነትን በትንፋሽ ልምምድ የሚያክም ሰው አትመኑ።

ግን አንድ ነገር ልለይ። አማርኛችን ጥሩ ቃል አለው፤ ማመስኳት። ላም ሌሊት ተኝታ የቀኑን ሣር መልሳ ታኝካለች፣ ይጠቅማታል። የአውሮፓ የሥነ ልቦና ሰዎችም ነገር መልሶ መላልሶ ማሰብን የሰየሙት ከዚሁ ከማመስኳት በወጣ ቃል ነው። ሰው ሲያመሰኳ ግን ሆዱ አይሞላም። ኪራዩ በ9 ሰዓት ሌሊትም፣ በ3 ሰዓት ጠዋትም ያው ብር ነው። በ9 ሰዓት ሌሊት ግን አከራዩን ማነጋገር አትችልም፣ ዕቁብ ሰብሳቢውን መለመን አትችልም፣ ወንድምህ ጋ መደወል አትችልም። ያን ጉዳይ የማይፈታው ሰዓት ላይ ነው የምናኝከው።

ቶማስ ቦርኮቬክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ባልደረቦቹን ይዞ የሞከረው ዘዴ አለ። ለጭንቀት በየቀኑ አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ስጥ፤ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ሰዓት ውጭ ሲመጣብህ «አውቄሃለሁ፣ 11 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ትለዋለህ። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ቁጭ ብለህ በደንብ ትጨነቃለህ። ቀልድ ይመስላል። ቀጠሮው ኪራዩን አይከፍልም፤ ሌሊቱን ግን ከኪራዩ ያስመልሳል። ተኝቶ ያደረ ሰው አከራይ ፊት በሌላ ድምፅ ነው የሚናገረው።

በረካ_አላልፍም · ረቡዕ 3:20

መምህር፣ ዝም ብሎ «አላስብም» ቢልስ? ጨክኖ?

ጡረተኛ_መምህር · ረቡዕ 4:05

ዳንኤል ዌግነር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 ተማሪዎችን «አምስት ደቂቃ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አላቸው። ደወሉ ሲጮህ ዋለ።

በረካ_አላልፍም · ረቡዕ 4:09

እኛ አገር ድብ የለም። «ጅብ አታስብ» ብለው ነው ለደሴ ልጅ። ይኸው አሰብኩት። እንዲያውም ድምፁን ሰማሁት።

ሲስተር_ወሎ · ረቡዕ 9:30

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ደስ ይላል። ጥቂት ነገር ልጨምር።

አልጋ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ቆይተህ ካልመጣ ተነስ። ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ዛሬም የእንቅልፍ ሕክምና ዋና ክፍል ነው። አልጋው ላይ ስትጨነቅ ካደርክ ሰውነትህ «አልጋ ማለት መጨነቂያ ነው» ብሎ ይማራል። ሶፋ ላይ ወይም ምድጃው አጠገብ ቁጭ በል፣ ደብዛዛ ብርሃን፣ አሰልቺ ነገር። ዓይንህ ሲከብድ ተመለስ። ደሴ በዚህ ብርድ ከብርድ ልብስ ውጣ ማለት ጭካኔ መሆኑን አውቃለሁ። ጋቢህን ራስጌህ አስቀምጥ። ሰዓት አትይ፤ ሰዓት ማየት ሒሳብ ያስጀምራል፣ «አሁን ብተኛ አራት ሰዓት ይቀረኛል» የሚለውን። የመነሻ ሰዓትህን እሑድም አትቀይር። ስልኩን ሌላ ክፍል አሳድረው፤ ቲክቶክ ላይ «አንድ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

እንቅልፍ ማጣት በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ 3 ወር ካለፈው፣ ልማድ ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀኑን ሁሉ ሐዘን ከተጫነው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ደብተር አይደለም መልሱ። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ መሄድ እብደት አይደለም።

ሌላው፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትን የእንቅልፍ ኪኒን እባካችሁ አትዋጡ። እነ ዲያዜፓም ይለመዳሉ፣ ከዚያ ያለ እነሱ መተኛት ያቅታል።

ስም_አልሰጥም · ረቡዕ ማታ 3:10

ሲስተር፣ እኔ ከ2014ቱ የጦርነት ጊዜ ወዲህ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ከተማው ውስጥ ነበርን፤ አልወጣንም። አሁን ሁሉ ነገር ሰላም ነው፣ ሱቄም ተከፍቷል። ግን ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ወይም የጎረቤት የቆርቆሮ በር ሲላጋ፣ ሰውነቴ ከኔ ቀድሞ ወለል ላይ ይተኛል። ሌሊት ጫማዬን ሳላወልቅ የተኛሁባቸው ቀናት አሉ። ይሄ ደብተር ላይ እንዴት ይጻፋል? «ረቡዕ 4 ሰዓት» የለውም።

ሲስተር_ወሎ · ረቡዕ ማታ 3:35

እህቴ፣ የለውም። ያንቺ ሌላ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰውነትሽ ያን ጊዜ አድኖሻል፣ ዘበኝነቱን ግን ማንም «በቃ፣ ግባ» አላለውም። ሕክምና አለው፤ በንግግር ብቻ የሚሰጥም አለ። ጫማ ሳያወልቁ የተኙ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ብቻሽን ላለመምጣት ከፈለግሽ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የትኛው ቀን እንደሚሻል እነግርሻለሁ።

እቴቴ_ከሸዋበር · ረቡዕ ማታ 3:50

የኔ ልጅ፣ አብረን ነበርን። እኔም በሩ ሲላጋ እደነግጣለሁ። ስትሄጂ ጥሪኝ፣ ነጠላዬን ደርቤ እመጣለሁ።

ስም_አልሰጥም · ረቡዕ ማታ 4:20

እሺ እቴቴ።

ስቶረኛው_ዘደሴ · በሳምንቱ፣ ሐሙስ ማታ 2:30

ሪፖርት ላቅርብ።

ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ማታ 23 ነገር ጻፍኩ። ሃያ ሦስት! ስጽፋቸው ግን የደነቀኝ፣ ዘጠኙ የኔ ጉዳይ አይደሉም። የአጎቴ ልጅ የመሬት ክርክር፣ የሱፐርቫይዘሬ ፊት መጥቆር፣ የሆነ ሰው ፌስቡክ ላይ የጻፈው። አጠገባቸው «አይመለከተኝም» ብዬ ጻፍኩ። የሰርጉን መልስ ደግሞ ሙሉውን ጻፍኩት፤ ሳነበው ያን ያህልም ጥሩ መልስ አልነበረም።

46ቱ ካርቶን፦ «ዓርብ 3 ሰዓት፣ የወጪ ማዘዣዎቹን ከ1 ጀምሬ በተራ ቁጥር እመረምራለሁ» አልኩ። መረመርኩ። አንድ ቁጥር ዘሏል። ያ ወረቀት የት ተገኘ መሰላችሁ? ያኔ ለብሼው የነበረው የሥራ ጋውን ኪስ ውስጥ፣ ታጥቦ፣ ተኮማትሮ። ሁለት ካርቶን በሌሊት ሽፍት ወጥቷል፣ ፈርሜበታለሁም። እኔው ነኝ ሌባው።

ቡናውን ለእናቴ ነገርኳት። በረካ ብቻ። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

ሁሉም ሌሊት አልተሳካም። ማክሰኞ እንደገና ሱብሒን ሰማሁ። ደብተሩንም አልከፈትኩም ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ሰነፍኩ። 21 ቀን ከሞላ ልማድ ይሆናል ይባላል፤ አበላሸሁት ማለት ነው?

ሲስተር_ወሎ · ሐሙስ ማታ 3:00

አላበላሸህም። ያ 21 ቀን የሚባለው ከየትም የመጣ ወሬ ነው። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አንድ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ ለመሆን መካከለኛው 66 ቀን ሆኖ አገኘው። አንዱ በ18 ቀን፣ ሌላው ደግሞ 254 ቀን ይፈጃል ተብሎ ተገመተ። አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን አላፈረሰውም። ሻማ ግዛ።

ዝም_አልልም · ሐሙስ ማታ 3:25

ሞከርኩት፣ ሳልወድ። የጭንቀት ሰዓቴን 11 ሰዓት አደረግኩ፤ ከሥራ ስወጣ ከመናፈሻ እስከ አራዳ በእግሬ እየሄድኩ ነው የምጨነቀው። ኪራዩ አልቀነሰም። ግን ከአከራዬ ጋር ተነጋገርኩ፤ ጭማሪውን ለሁለት ወር አራዘመልኝ። ከደብተሩ ይሁን ከአላህ አላውቅም። አሁንም ይሄ ሁሉ የደላው ሰው ወሬ ይመስለኛል፤ ስሄድ ግን እግሬ ይፍታታል።

እስኪ_ማስረጃ · ሐሙስ ማታ 3:31

አንድ ሰው ናሙና አይሆንም 😀

ዝም_አልልም · ሐሙስ ማታ 3:33

አንተ መጀመሪያ ኪራይ ክፈል።

ስቶረኛው_ዘደሴ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 3:15

ክሩን ልዝጋው ብዬ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ትናንት ማታ ራስጌዬ ቁጭ ብዬ ስጽፍ እናቴ መጣች። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው ጽሑፍ አታይም፤ የእስክሪብቶውን ድምፅ ነው የሰማችው።

«ምንድን ነው በየማታው የምትሞነጫጭረው?»

ነገርኳት። የሚያስጨንቀኝን እጽፋለሁ፣ ቀን እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ አልኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆየችና «የኔንም ጻፍልኝ» አለች።

ጻፍኩላት። ለጎረቤቷ የምትመልሰው አንድ ኪሎ ምስር። ጦር ሜዳ ይመስል የሚንኮሻኮሸው የጣሪያ ቆርቆሮ። ኩታበር ያለችው እህቷ ስልክ ካላነሳች ስንት ቀን እንደሆነ። ለእያንዳንዱ ቀን ሰጠነው፤ ጣሪያው እሑድ፣ እህቷ ነገ ጠዋት።

«ሌላስ?» አልኳት።

«ያ ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ለምን እንደማይተኛ» አለች። «ስንት ወር ሙሉ በግድግዳው በኩል ስትገላበጥ እሰማሃለሁ። እጠይቀዋለሁ እያልኩ እተወዋለሁ።»

«መቼ ልበለው?»

«ነገ። ቡና ላይ።»

በረካ_አላልፍም · እሑድ፣ ሌሊት 7:02

አሁን ነው ያነበብኩት። ኳስ የለም ዛሬ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ደብተር የሚሸጥ ሱቅ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?